ከሰሉ ማሳህ ከመግባቱ በፊት

ልጄ፣ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ጓሮ የተከመረውን ገለባ አክስለህ ማሳህ ላይ ልትበትን ማሰብህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ያ በየጊዜው የሚቃጠለው፣ ነፋስም እያነሳ መንገድ ላይ የሚበትነው ገለባ ከዚሁ ሜዳ አፈር የወጣ ሀብት ነውና ወደ አፈሩ ይመለስ ማለትህ ልክ ነው። ነገር ግን በዚያው ጨዋታ «ዘንድሮ አረሙን በመድኃኒት እገላገለዋለሁ» አልከኝ። ሁለቱን ሐሳቦች አንድ ማሳ ላይ ከማገናኘትህ በፊት ረጋ ብለህ ስማኝ።

ባዮቻር የሚባለው ከሰል የሚገኘው ገለባው አየር አንሶት ሲጋይ ነው። አየር በደንብ ካገኘ ነድዶ ነጭ አመድ ይሆናል፤ ሲያንሰው ግን ጭሱ ወጥቶ ካርቦኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በማጉያ መነጽር ብታየው የማር እንጀራ ይመስላል፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ በአንድ እፍኝ ከሰል ውስጥ ያለው ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ ከአንድ ቤት ግቢ ይሰፋል። ውሃን፣ ንጥረ ነገርን፣ ጥቃቅን ሕዋሳትን የሚያስጠጋው ይህ ገጽ ነው። ፀረ አረሙንም የሚይዘው ይኸው ገጽ ነው። ከሰሉ ለአንተ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ አይዝልህም።

ስለ ከሰል ብዙ የሚወራው ከእኛ ከተለየ አፈር የመጣ ነው። አዊ ውስጥ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ገበሬው ደከረንስ የተባለውን ዛፍ እየተከለ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ እየቆረጠ ሲያከስል ኖሯል። እዚያ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ከሰልና አመድ ሲያገኝ አሲዱ ይቀንሳል፣ ታስሮ የነበረው ፎስፈረስም ለሰብሉ ይለቀቃል። የእኛ የፎገራ ዋልካ ግን የርብና የጉማራ ወንዞች ከላይ እያመጡ ያነጠፉት ከባድ ጥቁር አፈር ነው። አሲዱ ያን ያህል የሚያስቸግር አይደለም፤ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙም በተፈጥሮው ከፍተኛ ነው። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ሲዘንብ ሞፈር ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ከጎጃም ቀይ አፈር የሰማኸውን ያህል ምርት እዚህ አትጠብቅ። ከሰል ለዋልካ የሚሰጠው ከሁሉ በፊት ልስላሴን ነው፤ አፈሩ ይላላል፣ ሥር በቀላሉ ይገባበታል። የሩዝ ገለባ ከሰል በሲሊካ የበለጸገ ስለሆነ፣ ፖታሲየምም ስላለው፣ ለሩዝ የሚሆን ነገር አለው። ናይትሮጅን ግን እዚህ ግባ አይባልም። እንዲያውም ጥሬውን ከበተንከው ያለውን ናይትሮጅን ለጊዜው ሊይዝብህ ይችላል፤ ከፍግና ከከብት ሽንት ጋር አዋህደህ ሳምንታት ካሳለፍከው በኋላ ነው ወደ አፈር የሚገባው።

ይህን በሰሜን ሸዋ ደጋ ከሚታወቀው አፈር ማቃጠል ጋር አታምታታው። እዚያ አፈሩ ራሱ ከነሥሩ ተከምሮ ይጋያል፤ ገብሱ አንድ ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ከዚያ መሬቱ ተዳክሞ ለብዙ ዓመት ጾሙን ያድራል። አንተ የምታከስለው ገለባውን ነው እንጂ አፈሩን አይደለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ብዙ ወጣት የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ከሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ገለባ ነው። ሄክታርህ 40 ኩንታል ቢሰጥህ 8 ኩንታል ገለባ ይወጣዋል፤ ሲከስል ከዚያ የሚቀርህ 3 ኩንታል ገደማ ነው። በየሀገሩ በሙከራ ማሳ ላይ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ቶን ለሄክታር ነው። ለ10 ቶን የራስህን ገለባ ብቻ ብትጠብቅ ከ30 ዓመት በላይ ያስፈልግሃል። ከመፈልፈያ ብትገዛም ማጓጓዣው አለ። እንግዲህ ከሰል የሩዝ ማሳ ሁሉ መድኃኒት ሊሆንህ አይችልም። በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ብታደርግ ግን ያቺ 3 ኩንታል 300 ካሬ ሜትር ትሸፍናለች፤ ይህም ለሽንኩርት መደብና ለችግኝ ቦታ የሚበቃ ነው። ጃፓኖች የሩዝ ገለባ ከሰልን ለችግኝ መደብ ሲጠቀሙበት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ማለት በሄክታር 10 ቶን ነው፤ ከላይኛው 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ሲደባለቅ ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን በሚያህል መጠን የስንዴ ጭድ ከሰል አፈር ውስጥ ጨምረው አትራዚን የተባለውን ፀረ አረም ሲፈትኑ፣ አረሙን እንደ ቀድሞው ለመቆጣጠር ከሦስት እጥፍ በላይ መድኃኒት አስፈልጓቸዋል። አየህ፣ አፈሩን የሚያለሰልሰው መጠን መድኃኒቱንም የሚያከሽፈው መጠን ነው። ምክሬ ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አረሙ ሳይበቅል አፈር ላይ የሚረጨው ዓይነት የሚሠራው በአፈሩ እርጥበት ውስጥ ሟሙቶ የበቀለውን ዘር ሲያገኝ ነው። ከሰሉ ቀድሞ ከያዘው አረሙ ምንም ሳይሰማው ይወጣል። ያኔ ሻጩን «የተበላሸ መድኃኒት ሰጠኸኝ» ትላለህ፤ ወይም ይባስ ብለህ መጠኑን ትጨምራለህ። አደራ፣ መጠን እንዳትጨምር! ዕቃው ላይ የተጻፈው ልክ የተወሰነው ለሰብሉ ብቻ ሳይሆን ለአንተም ጤና ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ቅጠል ላይ አርፎ በቅጠል የሚገባ ነውና፣ ሩዝ መሐል የበቀለውን ሰፊ ቅጠል አረም ለመግደል ከሰሉ ብዙም አይከለክለውም። አፈር ላይ የወደቀውንም ቢሆን ከሰል እንደ አትራዚን አጥብቆ አይዘውም። ግላይፎሴት የሚባለውን ደግሞ ብረትና ሸክላ የበዛበት አፈር ራሱ ያስረዋል። ስለዚህ «ከሰል ፀረ አረም ያከሽፋል» ብሎ በደፈናው የሚነግርህን አትመነው፤ የትኛውን መድኃኒት፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደሚገባ ጠይቀው።

ይህ የመያዝ ጠባይ በሌላ በኩል በረከትም አለው። ማሳህ ሩዙ ሳይነሳ ጓያ ወይም ሽምብራ የምትዘራበት ነው፤ ሁለቱም ሰፊ ቅጠል ናቸው። አፈር ውስጥ የቀረ መድኃኒት ካለ የሚመታው እነሱን ነው። ከሰል ያንን ቅሪት ይዞ ከሥራቸው ሊያርቅላቸው ይችላል። ርብና ጉማራም የሚገቡት ጣና ነው፤ ማሳችን ላይ የረጨነው ሁሉ ሐይቁ እምቦጭን እንደተሸከመ የሚሸከመው ተጨማሪ ዕዳ ነውና፣ ከመታጠብ የሚቀነስ ነገር ካለ እሰየው። ሆኖም የተያዘው መድኃኒት ጠፋ ማለት አይደለም። ጥቃቅን ሕዋሳት መድኃኒቱን የሚሰብሩት ሲያገኙት ነው፤ ከሰል ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀው ሳይሰበር ሊቆይ ይችላል። ዓመታት ሲያልፉም የከሰሉ ገጽ በሸክላና በብስባሽ እየተሸፈነ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ቀነሰ እንጂ አለቀ አይባልም።

አንድ የፎገራ ነገር ልንገርህ፤ ከሌላ አገር ምክር ውስጥ አታገኘውም። የገለባ ከሰል ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ጎርፍ በሚተኛባቸው ቀበሌዎች ከላይ ብትበትነው ሐምሌ ላይ ጎርፉ ሰብስቦ ሐይቅ ያደርስልሃል። መድኃኒት ይዞ ከነበረ ደግሞ እሱኑ ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ ጎርፍ የማይደርስበትን ቦታ ምረጥ፣ በበጋው ቆፍረህ ከአፈሩ ጋር በደንብ አዋህደው።

አከሳሰሉ ከባድ አይደለም። ከቆርቆሮ የጭስ ማውጫ ሥራ፣ ታችኛውን ክፍል ሰፋ አድርገህ በሚስማር ብሳው፤ ውስጡ ትንሽ እሳት አንድደህ ገለባውን ዙሪያውን ከምረው። ጥቁሩ ወደ ውጭ ብቅ ሲል አገላብጠው፣ ሁሉም እንደጠቆረ ቶሎ ውሃ አርከፍክፍበት። ነጭ እስኪሆን ከጠበቅህ አመድ ነው የቀረህ። ደረቁን በነፋስ አትበትን፤ የገለባ ሲሊካ አቧራው ለሳንባ ክፉ ነው፤ አርጥበህ ያዘው፣ አፍና አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍን። ጭዱን ግን አትንካ፣ እሱ የከብቶቹ ነው።

ሥራውን በአንድ መደብ ጀምር። የሽንኩርት መደብህን ለሁለት ክፈለው፤ ግማሹ ፍግ ብቻ፣ ግማሹ ፍግና ከሰል ይሁን፤ በእጅህ አርመው፣ ምንም አትርጭበት። ሌላ ትንሽ ቦታ ላይ ደግሞ ከሰል ባለበትና በሌለበት አፈር አንዱን መድኃኒት በልኩ ረጭተህ የወጣውን አረም ቁጠር። ውጤቱን ይዘህ ወረታ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ሂድ፤ እጁ ላይ ቁጥር ይዞ የመጣ ገበሬ ባዶ እጁን ከመጣው የተሻለ መልስ ያገኛል።

በመጨረሻም ስለ መሬቱ ላንሳ። ፍግ ቢበዛብህ ከዓመት ዓመት ያልቃል፤ ከሰል ግን አንዴ ከገባ አይወጣም። በአማዞን የጥንት ሰዎች ከሰል እየጨመሩ ያጠቆሩት አፈር ከመቶዎች ዓመታት በኋላ ዛሬም ጥቁር ነው። ከምታርሰው ውስጥ አንዱ ጥማድ የእኩል እንደሆነ አውቃለሁ። ባለመሬቷ ሴትዮ ነገ ለሌላ ሰው ሊሰጡት ይችላሉ፤ ያ ሰው አፈር ላይ የሚረጭ መድኃኒት ሲጠቀም ለምን እንዳልሠራለት አያውቅም። ቤታቸው ሄደህ፣ ምን እንደምትጨምርና ምን እንደሚያስከትል ነግረህ አስፈቅዳቸው። ካመነቱ አትጫናቸው፤ ከሰልህን የራስህ ጓሮ ውስጥ አድርገው።