ሽፋን ሁሉ ሐሰት ነውን?

የእንጨት ወለል የተነጠፈበትን ክፍል ያየ ሰው፣ ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ዙሪያውን የተመታ ቀጭን የእንጨት ጠርዝ ያስተውላል። የአገራችን ባለሙያዎች ዞኮሎ ይሉታል። ተግባሩ መሸፈን ነው። ከበስተኋላው ክፍተት አለ፤ ክፍተቱ ግን የስሕተት አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ስለሚሰፋ፣ ሲደርቅም ስለሚጠብ፣ ባለሙያው ከግድግዳው ሥር 10 ሚሊሜትር ያህል ስፍራ አውቆ ይተዋል። እንግዲህ ይህን የሚሸፍነውን ሐሰተኛ እንበለውን?

አንለውም። ሴምና ያፌት ወደ ኋላቸው ሄደው የአባታቸውን የኖኅን ዕራቁትነት በሸፈኑ ጊዜ ተመረቁ እንጂ አልተነቀፉም። አዳም ግን ቅጠል ሰፍቶ በዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ «ወዴት ነህ?» ተባለ። እነዚያ የሌላውን ድካም በፍቅር ሸፈኑ፤ እርሱ የራሱን በደል ደበቀ።

ይህ ልዩነት በክፍሉ ማዕዘንም ይታያል። በ45 ዲግሪ የተቆረጡ ሁለት ጠርዞች በትክክል የሚጋጠሙት ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ የቤት ግድግዳ ግን እንዲህ ልኩን የሚጠብቀው ከስንት አንዴ ነው። ችኩል ሠራተኛ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። ለዓይን ያማረ ነው። የብርዱ ወራት ገብቶ ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቅ ግን እንጨቱ ይጠባል፤ የተደበቀውም ይገለጣል። ጠንቃቃው አናጢ አንዱን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ከግድግዳው ያስጠጋና፣ የሁለተኛውን ጫፍ በቀጭን መጋዝ በፊተኛው ቅርጽ ልክ ከርክሞ ያለብሰዋል። እንዲህ ያለው መጋጠሚያ እንጨቱ ቢጠብም በቀላሉ አይከፈትም።

በስደት አገር በአንድ አጥቢያ የተሰበሰብን እኛም ማዕዘናችን ልክ አይደለም። ሁለት ወንድሞች ሲጋጩ «ለበዓሉ ሲባል ይታለፍ» ብለን እናሳስማቸዋለን፤ በደሉ ሳይነገር፣ ቂሙም ሳይነቀል ይቀራል። ይህ ስቱኮ እንጂ ዕርቅ አይደለም። ዕርቅ በደልን በግልጥ ተናግሮ፣ ራስን በወንድም ልክ መከርከምን ይጠይቃል።

ሁልጊዜ የሚከረከመው ደካማው ወገን ይሁን ማለታችን ግን አይደለም። አናጢው ክፍሉን ሲዞር፣ በአንዱ ማዕዘን ቀጥ ብሎ የቆመው እንጨት በሚቀጥለው ማዕዘን ተራው ደርሶ ይከረከማል። ትናንት ይቅርታ የተጠየቅን ዛሬ ጠያቂዎች እንሁን። ከዚህ በኋላ የሚቀረውን ክፍተት ፍቅር ቢሸፍነው ሐሰት አይሆንም።

የሰላም አምላክ ለዚህ ያብቃን። አሜን።