ዕዳ ወይስ አደራ

ሰው ከሰው የሚቀበለው መልካም ነገር ሁሉ፥ ትንሽም ቢሆን ትልቅ፥ በኅሊናው ላይ የውለታ ማኅተም ሳያትም አያልፍም። ከጎረቤቱ በሬ ተውሶ ያረሰ ገበሬ በአጨዳ ጊዜ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ በሐዘኑ ቀን የተጎበኘም በጎብኚው ሐዘን ቀን ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገኛል፤ የአገራችን ሰው መልካም በተደረገለት ጊዜ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ማለቱም ከዚሁ ሥርዓት የመነጨ ነው። ይህ ምርቃት ግን ኩላሊትን ከሕያው ወንድሙ ወይም ከሕያው እኅቱ በተቀበለ ሰው አንደበት ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ የተቀበለውን በዓይነቱ ሊመልስ የሚመኝ ሰው፥ ሰጪው አንድ ቀን ታሞ እርሱ በተኛበት አልጋ ላይ እንዲተኛ መመኘቱ ነውና፥ ምርቃቱ ሳይታሰብ ወደ እርግማን ይለወጣል። እንግዲህ መመለሱ ቀርቶ ለመመለስ መመኘቱ እንኳ የማይገባውን ስጦታ የተቀበለ ሰው በምን ዓይነት ኅሊና ይኖራል? ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ይህ ነው።

የስጦታውን መጠን ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን ኑሮ ማሰብ ያሻል። ሁለቱ ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ያቆሙበት ድውይ በሳምንት ሦስት ጊዜ፥ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል፥ ደሙ ከሥሩ እየወጣ በመኪና ታጥቦ ይመለስለታል፤ የሚጠጣው ውኃ በመለኪያ፥ የሚበላው በትእዛዝ ነው፤ እጥበቱ ሕይወቱን ያቆይለታል እንጂ ጤናውን አይመልስለትም። ንቅለ ተከላው በተፈጸመ ጊዜ ሐኪሞች አዲሱን ኩላሊት በታችኛው ሆድ በአንድ ወገን፥ በዳሌው አጥንት አጠገብ ያኖሩታል፤ የደከሙትን ሁለቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቦታቸው አያነሷቸውም። ስለዚህ ተቀባዩ ሦስት ኩላሊት ተሸክሞ ሲኖር፥ ከሦስቱ የሕይወቱን ሥራ የሚሠራለት የሌላ ሰው ገንዘብ የነበረው ነው፤ ልብንና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክም በዚህ አንድ ሰው ውስጥ የሁለት ሰዎችን ፈቃድ ያገኛል።

ይህ ንቅለ ተከላ በተሳካ ሁኔታ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14 ቀን፥ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል፥ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ በተከሉለት ዕለት ነው። የሕክምና ጥንታዊ ሕግ አስቀድሞ አለመጉዳትን ያዝዛልና፥ ጤነኛውን ሰው ለገዛ አካሉ አንዳች ጥቅም በማያገኝበት ቀዶ ጥገና ሥር ማጋደም ይገባ እንደ ሆነ ሐኪሞቹ የሃይማኖት መሪዎችን ጭምር አማከሩ። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረችው ሌሊት ሪቻርድ ለወንድሙ አጭር ወረቀት ልኮ ሆስፒታሉን ትቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ለመነው፤ ሮናልድ ግን ከዚያ እንደማይነቃነቅ መለሰለት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ካስታመሙት ነርሶች አንዷን አገባ፥ ልጆችም ወለደ፤ ሮናልድ በቀረለት አንድ ኩላሊት እስከ 79 ዓመቱ ቆየ። በዚያች ሌሊት ወረቀት ውስጥ የተቀባዩ ጭንቀት ሁሉ ተጽፎ ይገኛል፤ ሞት በደጁ የቆመበት ሰው ከሞቱ ይልቅ የወንድሙን ሥጋ መቆረጥ ፈርቷልና።

ይህ ፍርሃት ከፈውስ በኋላም አይጠፋም፤ መልኩን ለውጦ ይኖራል። ረኔ ፎክስና ጁዲት ስዌዚ የተባሉት የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች «የስጦታ አምባገነንነት» ብለው የሰየሙት ሸክም ይህ ነው፤ ተቀባዩ በሰጪው ፊት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፥ በርስት ክፍፍል ወይም በልጅ ጋብቻ ምክር ላይ የተለየ አሳብ ቢኖረው እንኳ ይውጠዋል፥ ሰጪውም ሳይታወቀው የወንድሙን ገበታና እንቅልፍ ሳይቀር ይቆጣጠራል። በአገራችን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ሕክምና የሚፈጸመው በዘመዳሞች መካከል ነውና፥ ሰጪና ተቀባይ በአንድ ሰርግና በአንድ ለቅሶ፥ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይተያያሉ።

አንዳንዶች ይህን ሸክም ገንዘብ ያወርደዋል ይላሉ፤ በኢራን አገር መንግሥት በሚቆጣጠረው ሥርዓት ለሰጪው ገንዘብ ስለሚከፈል፥ የከፈለ ሰው ከውለታ ነፃ ነው ማለታቸው ነው። ዋጋ ግን ገዢውን ከምስጋና ሲያሳርፈው ሻጩን ከድህነቱ ጋር ብቻውን ይተወዋል፤ በተቸገረበት ዋጋ አካሉን የሸጠ ሰው በፈቃዱ ሰጠ ለማለትም ያስቸግራል። ውለታን ለመሸሽ ሲባል ድኻን ወደ ገበያ ማውጣት ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው።

መፍትሔው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ኩላሊቱን ከዕዳ መዝገብ አውጥቶ በአደራ መዝገብ መጻፍ ነው። ዕዳ በመክፈል ይፈጸማል፥ አደራ ግን በመጠበቅ፤ ባለዕዳ አበዳሪውን ባየ ቁጥር ያፍራል፥ ባለአደራ ግን የታመነ ሰው ነውና ቀና ብሎ ይሄዳል። ደግሞስ ያልተሰጠው ማን አለ? ለዘጠኝ ወር የማሕፀን ማደሪያ ለእናቱ ኪራይ የከፈለ ሰው አልተሰማም፤ ነፍሱን በዋጋ የገዛም የለም። ኩላሊት የተቀበለ ሰው ከሌሎቻችን የሚለየው፥ ሁላችንም ተሰጥቶን የምንኖረውን ሕይወት እርሱ የሰጪውን ስም እያወቀ የሚኖረው በመሆኑ ነው።

አደራን መጠበቅ ግን የአንደበት ነገር አይደለም። ሥጋ ፍቅርን አያውቅምና የእናት ኩላሊት እንኳ በልጇ አካል ውስጥ ሲገባ የልጁ ደም እንደ ባዕድ ይነሣበታል፤ ሪቻርድ ከዚህ ጦርነት የዳነው ከአንድ ዘር የተከፈለ መንትያ ስለ ነበረው ነው። ሌላው ተቀባይ ጠዋትና ማታ፥ ሰዓቱን ሳያዛንፍ፥ እንደ ታክሮሊመስ ያሉትን የሰውነትን ተከላካይ ኃይል የሚያስታግሡ መድኃኒቶች፥ ኩላሊቱ እስከሠራ ድረስ ሊውጥ ግድ ነው፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ይከለከላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ መዋል የለመደ ጿሚ ውኃ ሳያቋርጥ እንዲጠጣ ሲታዘዝ ነፍሱ ትጨነቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በድውይ ላይ ጾምን አታጸናም፥ እስልምናም የታመመውን ከረመዳን ጾም ግዴታ ያሳርፈዋል፤ የንስሐ አባቱን ጠይቆ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚውጥ ሰውም በተጋድሎ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ምስጋና ከስሜት ያልፋል፤ ልብ በደስታ በሞላበት ቀንም፥ በተሰላቸበት ቀንም እኩል ይፈጸማልና።

ከመጠበቅ ጋር መኖርም አለ። በወንጌሉ ምሳሌ መክሊቱን በፍርሃት የቀበረው አገልጋይ አልሰረቀም፥ አላባከነም፤ ቢሆንም ተወቀሰ። ኩላሊቱ እንዳይጎዳበት ብሎ ሥራውን የተወ፥ ጋብቻን የሸሸ፥ ሰው የሚሰበሰብበትን ሁሉ የፈራ ተቀባይ የተሰጠውን ሕይወት መልሶ እንደ ቀበረ ይቈጠራል። ከሕያው ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት እንደሚያገለግል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ በደከመ ጊዜም፥ ጠባቂው እስከ ተጋ ድረስ፥ አደራው ጠፋ አይባልም፤ ሪቻርድ የኖራቸው ስምንት ዓመታት በሞቱ ምክንያት ከንቱ አልሆኑምና።

እንግዲህ አንተ የተቀበልህ ወንድሜ፥ አንቺም የተቀበልሽ እኅቴ፥ መድኃኒታችሁን ጠብቁ፥ በሰጪያችሁ ፊት ግን አታጎንብሱ፤ የተቀበላችሁት ኩላሊት ነው እንጂ ፈቃዳችሁን አልሸጣችሁም። እናንተም ኩላሊታችሁን የሰጣችሁ፥ አደራ ሰጥቶ በየማለዳው ሊቈጥር የሚመጣ ሰው አላመነምና፥ አንድ ጊዜ የሰጣችሁትን ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በመተው ስጡ። ዘመዶቻቸውም በሁለቱ መካከል የውለታ ዳኛ ሆናችሁ አትቀመጡ።