ቅዱሳንን በሐሰት ማክበር ይቻላልን?

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሥራ በየመታሰቢያ ቀናቸው ታሰማለች። ስለዚህም አባቶች የብዙዎችን ገድል በአንድ ጥራዝ አሰናድተው አቈዩልን፤ ገድለ ሰማዕታት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው፤ ስንክሳርም በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሶ የየዕለቱን ቅዱሳን ያሳስበናል። በምዕራቡም ዓለም ያዕቆብ ዘቮራጅኔ የተባለ መነኩሴ በ13ኛው መቶ ዓመት የቅዱሳንን ታሪክ በላቲን ቋንቋ ሰብስቦ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላም፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1643 ዓ.ም.፥ ቦላንዳውያን የሚባሉት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እየመረመሩ ማሳተም ጀመሩ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ስለ ቅዱስ የሚጽፍ ወይም የሚሰብክ ሰው፥ ሕዝቡን ይጠቅማል ብሎ ያልተቀበለውን ነገር ቢጨምር ይነቀፋልን? አንዳንዶች ለክብር የተጨመረ ነገር ምስጋና እንጂ ሐሰት አይባልም ይላሉ። ሌሎችም ገድሉ ከቅዱሱ ዕረፍት በኋላ ዘግይቶ የተጻፈ ነውና ሁሉ ተረት ነው ብለው ይጥሉታል። ሁለቱም ከመንገድ ወጥተዋል።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ሀብሩን አልፎ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሐይቅን ያገኛል። በዚያ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መነኮሳትን ሰብስበው አስተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ሥዕላቸውንና የስጦታውን ቃል ይዟል። ገድላቸው ግን የተጻፈው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ታዲያ ወንጌሉ እውነት፥ ገድሉ ሐሰት ነው እንበልን? አንልም፤ በመካከሉ የነበሩት መነኮሳት ከአባት ለልጅ የተቀበሉትን አስተላልፈዋልና። ልጅ ያላየውን የአባቱን ሥራ እንደ ሰማው ቢናገር አደራ ጠበቀ እንጂ አልዋሸም፤ ያልሰማውን ሰማሁ ቢል ግን ዋሸ። እውነትንና ሐሰትን የሚለየው የዘመን ርዝመት ሳይሆን የጸሐፊው ኅሊና ነው።

ፈተናው የሚከብደው የገዛ ደብራችን ክብር በነገሩ ሲገባበት ነው። በ1262 ዓ.ም. ለነገሡት ለዐፄ ይኩኖ አምላክ የረዷቸው አባት ማን እንደ ሆኑ ሲነገር፥ የሐይቅ ትውፊት አቡነ ኢየሱስ ሞዐን፥ የደብረ ሊባኖስ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስቀድማል። ሁለቱ አባቶች መምህርና ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ በሰማይ ስለ ቀዳሚነት አይካሰሱም። ስለዚህ አንዱን ለማጽናት ሌላውን የሚፍቅ ጸሐፊ ያገለገለው ርስቱን እንጂ ቅዱሳንን አይደለም። ታማኙ ጸሐፊ ግን ሁለቱንም እንደ ተቀበለ ያስቀምጣል።

ይህን ስንል ተአምርን አንክድም፤ ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለምና። ነገር ግን ተአምር ይመሰከራል እንጂ አይፈጠርም። ጻድቁ ኢዮብም ወዳጆቹን የወቀሰው፥ ለእግዚአብሔር የተሟገቱ መስሏቸው ሐሰትን ስለ ተናገሩ ነው። አምላክ በሐሰት እንዲሟገቱለት ካልወደደ፥ ባሪያዎቹ ቅዱሳን እንዴት ይወዳሉ?

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ኅዳር 26 ቀን የአቡነ ኢየሱስ ሞዐን በዓል ስናከብር የተጻፈውን እናንብብ፤ በቃል የመጣውን በቃል መጣ እንበል፤ ከራሳችን አንጨምር። አንዲት የተጨመረች ቃል የተገለጠች ዕለት፥ የሰማው ወጣት እውነተኛውንም ቃል ይጠራጠራልና፤ የዚያች ነፍስ ዕዳ በእኛ ላይ ነው።

የቅዱሳን አምላክ ልሳናችንን ከሐሰት ይጠብቅልን፤ አሜን።