ፈቃድ ያልጠየቀ ፍቅር

ያደግሁት ቁም ጸሐፊ ቤት ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ፣ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ተብሎ ይጻፋል። የገለበጠውን ግን የሚያወግዝ የለም፤ እንዲያውም ጸሎት ይለመንለታል። አባቴ ዳዊት ሲጽፍ ከማን ፈቃድ ይጠይቅ?

የእህቴ ልጅ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ለጓደኞቿ በቴሌግራም ትልካለች። ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ንግግሩ የሰፈረበትን አረፋ በነጭ ትሸፍንና አማርኛውን ታስገባለች፤ የፍንዳታው ድምፅ ሥዕሉ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ከሥሩ የተደበቀውን ፀጉር ወይም ግድግዳ መስመር በመስመር መልሳ ትስላለች። ሳንቲም አትቀበልበትም። «ጋሼ፣ ይሄ ኃጢአት ነው?» ስትለኝ፣ በአባቴ ሚዛን ብመዝናት ነጻ በወጣች ነበር።

ነገር ግን የማንጋው ደራሲ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ለሳምንታዊ መጽሔት የሚስል ሰው በየሳምንቱ 20 ገጽ ገደማ ያደርሳል፤ ረዳቶቹንም ብዙውን ጊዜ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። «ሀንተር ሀንተር»ን የሚስለው ዮሺሂሮ ቶጋሺ ወገቡን ከመታመሙ የተነሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሳል እንዳቃተው በ2022 እ.ኤ.አ. ራሱ ተናግሯል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ «ምን ጎደለበት?» የሚለው መከራከሪያ አይዋጥልኝም። ዓለም አቀፉ የበርን የቅጂ መብት ስምምነትም ሆነ የእኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመተርጎም መብትን ለደራሲው የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳይጠየቅ ሥራው ሲተረጎም ገንዘብ ባይጎድልበት እንኳ «እምቢ» የማለት ሥልጣኑ ተወስዶበታል። ቢጠየቅ በደስታ ይፈቅድ ይሆናል፤ ያም ቢሆን መልሱ የእሱ ነበር።

በቪዲዮ ካሴት ዘመን አሜሪካ የነበሩ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ወዳጆች ይህ ገብቷቸው ነበር። ተርጉመው በሚቀባበሉት ፊልም ላይ «ለሽያጭና ለኪራይ አይደለም» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ሥራው እዚያው አገር ሕጋዊ አከፋፋይ ሲያገኝ ብዙዎቹ ማባዛቱን ይተዉ ነበር። ፖሊስ ሳያስገድዳቸው፣ አይተውት ለማያውቁት ሰው ይሉኝታ ያዛቸው። እኔ ይህን ከምጽዋት አላሳንሰውም። ማንጋ በነጻ እየለጠፈ ከማስታወቂያ ገንዘብ ሲሰበስብ የነበረው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተዘጋው ማንጋሙራ የተባለ ድረ ገጽ ግን ወዳጅ ሊባል አይችልም።

የጃፓኑ አሳታሚ ሹዌይሻ በ2019 እ.ኤ.አ. የከፈተው ማንጋ ፕላስ የተባለ የኢንተርኔት ማንበቢያ አዳዲስ ምዕራፎችን በነጻ ያስነብባል፤ እንግሊዝኛ አለ፣ ስፓኒሽ አለ፣ አማርኛ የለም። እንግሊዝኛው የሚከብደው ልጅ እስከ መቼ ይጠብቅ? ይህ ጥያቄ ያመኛል፤ ለእህቴ ልጅም ስርቆት ነው ብዬ አልፈረድኩባት። ዕዳ አለብሽ ግን አልኳት። የደራሲውን ስም ከራስሽ ስም አስቀድሚ፤ ምዕራፉን መጀመሪያ በሕጋዊው መንገድ አንብቢ፤ ለአሳታሚውም ጽፈሽ ፈቃድ ጠይቂ።

«እምቢ ቢሉኝስ?»

«ታቆሚያለሽ» አልኳት።