ወሰንና ነጻ ፈቃድ

ፈጣሪ ለፍጥረቱ ሁሉ ወሰን መሥራቱ የሰውን ነጻ ፈቃድ ማጥበብ ነውን?

ለምሳሌ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጭነት እንደ ያዘ ወደ ደጀን ወጥቶ እስከ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቅ የናፍጣ ፒክአፕ ባለቤት፣ ኃይል ይበረክትልኛል ብሎ ናፍጣ የሚረጭ ሰፊ ኢንጀክተር ቢያስገጥም፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በደብረ ማርቆስ ደጋ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ትርፉ ናፍጣ አየር አጥቶ ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ሙቀቱም ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። አየር አማቂው ቱርቦ ከመጠን በላይ ቢተልቅ በዝግታ በሚወጣው ዳገት ላይ ዘግይቶ ይነሣል፤ ቢያንስም ስሱን አየር ለማመቅ ከዐቅሙ በላይ ይሽከረከራል።

እኔ በዚህ ሥርዓተ ፍጥረት ምሕረትን አያለሁ፤ ወሰን ባይኖር ምርጫ ራሱ ትርጉም ባጣ ነበርና፤ ባለመኪናውም በዚሁ ወሰን ውስጥ ጭነቱንና ዳገቱን መዝኖ፣ ጥቂት ብቻ የሰፋ ኢንጀክተር ቶሎ ከሚነሣ መካከለኛ ቱርቦ ጋር ለማስማማት ሙሉ ሥልጣን አለው።