ወንድሙን በወንበር የሚገፋ ሰው

በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች፥ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በበሩ መግባት ቢሳናቸው፥ ጣራውን ከፍተው ከነአልጋው በጌታችን ፊት እንዳወረዱት በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተጽፎአል። እምነታቸውን እናደንቃለን፤ ጥንቃቄአቸውን ግን እንዘነጋለን። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢቸኵል አልጋው ባጋደለ፥ ሽባውም በወደቀ ነበር።

ዛሬም በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ወንድም ስናይ፥ በጎ ያደረግን መስሎን ሳንጠይቀው ከኋላ እንገፋዋለን። ይህ ድፍረት ይሆንብናል። ወንበሩ ለእርሱ እንደ እግሩ ነውና አስቀድመን ፈቃዱን እንጠይቅ። እግሮቹ በመርገጫው ላይ መሆናቸውን እንመልከት። ቁልቁለቱ የበረታ እንደ ሆነ ወንበሩን አዙረን፥ እኛ ከታች ሆነን፥ ወደ ኋላችን እያየን በቀስታ እናውርደው። በደረጃ ላይ ለማንሣት በቂ ሰው ይኑር፤ የእጅ መደገፊያው ሊነቀል ይችላልና የማይነቀለውን ብረት እንያዝ። በቆምንም ጊዜ የሁለቱንም መንኰራኵሮች ፍሬን እንቈልፍ።

እንግዲህ ወንድማችንን ስንገፋ አገልጋዮች እንጂ ጌቶች አለመሆናችንን እናስብ። የምናደርሰው እርሱ ወደ ፈለገው ስፍራ ነው እንጂ እኛ ወደ ወደድነው አይደለም። የሚጠነቀቅ እጅና የሚታገሥ ልብ አምላካችን ያድለን፤ አሜን።