ሁለቱ ዲናሮች፦ ስለ ጤና መድኅን



ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 5 ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት ስለ ኖረች ሴት ይነግረናል። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰብከው የጌታን ልብስ በእምነት መንካቷን ነው። ወንጌላዊው ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ያላትን ሁሉ ለሐኪሞች ከፍላ መጨረሷንና ሕመሟም መባባሱን ሳይጽፍ አላለፈም። ወደ ጌታ በቀረበች ጊዜ ደዌው ጤናዋን ብቻ ሳይሆን ኑሮዋንም ወስዶባት ነበር።

ይህን ለመረዳት የእንጅባራና የዳንግላ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በሽተኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ሲላክ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያስበው የትኛው በሬ እንደሚሸጥ ነው። በሽተኛው ድኖ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት ስለሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ይህን የምታውቅ እናት ሕመሟን ደብቃ ትኖራለች፤ ከበሽታው ይልቅ ይህ ዝምታ ያሳስበናል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የታሰበው ለዚህ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት አንዱ የዳንግላ ጎረቤት ደቡብ አቸፈር ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ ይመዘገባል፤ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ከአባላቱ የታመመ ቢኖር ውል በተገባበት የጤና ተቋም ይታከማል። ለድሆች ደግሞ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። (መድኅን የሚለው ቃል ለጌታችንም የምንጠራበት ስም መሆኑን ልብ ይሏል።)

«ዓመቱን ሙሉ ሳልታመም ገንዘቤ ባከነ» የሚል ድምፅ እንሰማለን። ወንድሜ ሆይ፣ ገንዘብህ አልባከነም፤ ጎረቤትህ ታክሞበታል። ጤነኞች ቀርተው በሽተኞች ብቻ ቢመዘገቡ የጋራው ገንዘብ በጥቂት ወራት ያልቅ ነበር፤ በሽተኛውን ብቻ ለይቶ ማስመዝገብ የማይፈቀደውም ስለዚህ ነው።

ለሞት ጊዜማ መተባበርን ማን ያስተምረናል! ዕድራችን የታወቀ ነው፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም አባላቱን በደስታም በኀዘንም ያስተሳስራል። ለሬሳ ሳንቸገር የምናዋጣ ሰዎች ለሕያው ማዋጣት ስለ ምን ከበደን?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለው ደጉ ሳምራዊ የቁስለኛውን ቁስል በዘይትና በወይን አጥቦ አልተመለሰም። በማግሥቱ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ቢጎድልም በመመለሻው ሊከፍል ቃል ገባ። ገና ያልተደረገውን ሕክምና አስቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰላም በምድር» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ሕክምናን ከሰው ልጅ መብቶች መካከል ቈጥረውታል። እንግዲህ ነገሩ የምጽዋት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ሁለቱን ዲናሮች የተቀበለውም ሰው ግዴታ አለበት። መዋጮውን ከፍሎ፣ ደብተሩን ይዞ ሄዶ «መድኃኒት የለም፤ ከውጭ ግዛ» የሚባል ገበሬ ሁለት ጊዜ ከፈለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ ችግሩ መክበዱ አይካድም፤ ሆኖም ለጉድለቱ ሁሉ ግጭቱን ሰበብ ማድረግ አይገባም። ምእመናን ሲመዘገቡ በትሕትና፣ ግን ሳያፍሩ፣ መድኃኒቱን ይጠይቁ።

ከድሆች መዝገብ ያልገቡ፣ መዋጮውን ግን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችም አሉ። ቀበሌው ላያውቃቸው ይችላል፤ ዕድሩና ቁምስናው ግን ያውቋቸዋል። በመጪው የምዝገባ ወቅት ካህናት ቀኑን ከቅዳሴ በኋላ ያስታውቁ፤ የቁምስናው ሽማግሌዎችም የእነዚህን ቤተሰቦች ስም ይያዙ፤ አቅም ያለውም ከራሱ መዋጮ ጋር የአንድ ጎረቤቱን ይክፈል።